ወደ ቦንጋ ዘግይታ የሄደች ወረቀት

ቦንጋን ለማየት ብዬ አልሄድኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከተመለስኩ ወዲህ አብረውኝ የሚያስተምሩት ሁሉ «እንዴት ነው አገሩ? ጫካው እንደሚሉት ነው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው። ደብረ ብርሃን ላለ ሰው ካፋ ከባሕር ማዶ የራቀ ይመስለዋል። ጫካው እንደሚሉት ነው፣ ዝናቡም እንደዚያው። የቀረው ግን በእረፍት ሰዓት ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ የማወራው አይደለም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

ታላቅ እህቴን እታበባ እያልኩ ነው የምጠራት። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ታይፒስት ሆና ቦንጋ ተመደበች፣ ከግብርና ጽሕፈት ቤት የንብ ባለሙያ የሆነውን አቶ አድማሱን አገባች፣ እዚያው ቀረች። ከሁለት ዓመት በፊት የማህፀን በር ካንሰር ይዟት አዲስ አበባ ስትታከም ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ባሏ ልጆቹን ይዞ ቦንጋ ቀርቶ ነበር። ሕክምናዋ ሲያልቅ ሐኪሙ እኔን ከኮሪደር ጠርቶ ለብቻዬ አስገባኝ። በሽታው ለጊዜው ጠፍቷል፣ ነገር ግን ጨረሩ የዳሌዋን አጥንት አድክሞታል፣ የወር አበባዋም ያለጊዜው ስለቆመ አጥንቷ ከእኩዮቿ ቀድሞ ይሳሳል አለኝ። አንድ ወረቀትም ሰጠኝ። ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ እንዳትወድቅ እንድትጠነቀቅ፣ ፀሐይ እንድትሞቅ፣ ወተትና ኪኒኗን እንዳትተው፣ በየቀኑ ቀስ ብላ በእግሯ እንድትንቀሳቀስ፣ ወገቧን ወይም ዳሌዋን ካመማት ደግሞ ወጌሻ ሳይነካት ቶሎ ራጅ እንድትነሳ ይላል። በንጹህ አማርኛ የተጻፈ ነው።

ያቺን ወረቀት አልሰጠኋትም። አናቷ ላይ ካንሰር የሚል ቃል በደማቁ ተጽፎባታል፤ እታበባ ደግሞ ፊቷ የቀረበ ጽሑፍ ሁሉ ሳታነብ የማታልፍ ሰው ናት። እኛ ቤት የዚያ በሽታ ስም አይጠራም። የጎረቤታችን ሚስት ስሙን በሰማች በሳምንቱ እህል ትታ ስትሞት አይቻለሁ፤ የገደላት ስሙ ነው ብዬ አምን ነበር። የወረቀቷን አናት በመቀስ ልቆርጠው አስቤ ማኅተሙ እዚያው ላይ ስለነበር ተውኩት። ማኅተም የሌለው ወረቀት ምን ወረቀት ነው? ስለዚህ ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበትና ለእሷ «ትንሽ ቁስል ናት፣ ትድናለች፤ አንቺ ምንም አታስቢ» አልኳት። ወተት ጠጪ፣ አትድከሚ ማለቴንም አስታውሳለሁ። የቀረውን ቀስ ብዬ እነግራታለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጨረር ከሚታከሙ ሴቶች ጋር ወረፋ ይዛ እንዴት አላወቀችም ትሉ ይሆናል። ታምነኝ ነበር።

አቶ አድማሱ የደወለው በትምህርት ቤቱ ስልክ ነው። ወገቧን ካመማት ወራት ሆኖታል፣ አሁን ጀሪካን ስታነሳ እዚያው ወድቃ መነሳት አቅቷታል አለኝ። ወዴት እንደወሰዷት ሳይነግረኝ መስመሩ ተቋረጠ። ርዕሰ መምህሩ ፊቴን አይቶ ሳልጠይቀው ፈቃድ ሰጠኝ።

ረቡዕ

ወረቀቷን ከሣጥን አወጣኋት። የእሳት ራት እንዳይበላው ብዬ ከምነሰንሰው ናፍታሊን የተነሳ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። በላስቲክ ጠቅልዬ ጉያዬ ከተትኳት። ለስጦታ የአገራችንን የሱፍ ብርድ ልብስና ሁለት ኪሎ በሶ ያዝኩ። ጠዋቱ ከደብረ ብርሃን ጠዋቶች አንዱ ነበር፤ ሜዳው በውርጭ ነጭ፣ ፀሐዩ ግን ወለል ያለ። አገራችን ብርድ እንጂ ፀሐይ አይጎድልባትም። እታበባን ያኔ እዚሁ ባስቀራት ኖሮ እያልኩ ገና ከከተማ ሳልወጣ ማልቀስ ጀመርኩ። መንገዴ ወደ ደቡብ መሆኑን እንኳ የረሳሁ ይመስለኛል፤ እንዲህ ነበርኩ።

አዲስ አበባ ስደርስ ትልቅ ጣሳ የዱቄት ወተት ገዛሁ። ለአጥንት ነው ብዬ። ሁለት ዓመት ዘግይቼ በአንድ ጣሳ ወተት ላካክሰው ማሰቤ አሁን ያሳፍረኛል። ያደርኩት አውቶብስ ተራ አጠገብ ካለ አልጋ ቤት ነው። ባለቤቲቱ ጅማ እንደምሄድ ስትሰማ «እዚያ ጃንጥላ የሌለው ሰው ልብስ የለውም ማለት ነው» ብላ የራሷን አሮጌ ጃንጥላ ሰጠችኝ። አንድ ዘንጉ ተሰብሯል፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አልተለየኝም።

ሐሙስ

አውቶብሱ ሳይነጋ ተነሳ። ዕቃችን ሁሉ ጣሪያው ላይ ተጭኗል። ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ስንወርድ ሙቀቱ የደብረ ብርሃን ሹራቤን አስወለቀኝ፣ ቀጥሎ ካልሲዬን። ድልድዩ አጠገብ ሁሉም ሰው ሙዝ ገዛ፣ እኔም ገዛሁ፤ ግን አልበላሁም። አጠገቤ የተቀመጡት ጠና ያሉ የጅማ ነጋዴ ምነው ልጄ አትበዪም ሲሉኝ እህቴ ታማለች አልኳቸው። ምን አመማት ሲሉኝ አጥንቷን አልኩ። ይህን ስል ምላሴ ላይ የተለመደውን ውሸት ቀመስኩት። ሙሉውን ለማያውቁኝ ሰው እንኳ መናገር አልቻልኩም።

ከአሰንዳቦ ወዲያ ዝናብ ያዘን። በእኛ አገር ዝናብ ወራቱን ጠብቆ፣ አስቀድሞ ደመናውን ልኮ ይመጣል፤ በዚያ በኩል ግን ሳይታሰብ ዘው ይላል። ብዙም ሳይቆይ በመስኮቴ ላይ ነጭ ነገር እየተንጠባጠበ ወረደ። አንዱ ተሳፋሪ የወፍ ኩስ ነው አለ፣ ሌላው ኖራ ነው አለ። የእኔ ወተት ነበር። የጣሳው ክዳን በመንገዱ መንገጫገጭ ተከፍቶ፣ ዱቄቱ በዝናቡ ተቦክቶ በአውቶብሱ ጎን ቁልቁል ይፈሳል። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ሳቁ ሲያልቅ ግን ወደ ለቅሶ ተለወጠና ማቆም አቃተኝ። ነጋዴው ፎጣቸውን አቀበሉኝ። ጅማ ስንደርስም አልጋ የምትይዥበት ቦታ አታውቂም ብለው የሚያውቁት ቤት ድረስ ወሰዱኝ።

ዓርብ

ከጅማ ወደ ቦንጋ አስፋልት የለም፤ መንገዱ ሊሠራ ነው ሲሉ ሰማሁ እንጂ ያኔ ቀይ ጠጠር ነው። ጎጀብን ስንሻገር ጫካው ጀመረ። የደብረ ብርሃን ሰው ዛፍ ሲባል ባሕር ዛፍ ነው የሚያውቀው፤ በሰልፍ የቆመ፣ ቁጥር ያለው። እዚህ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቶ፣ በላዩ ሐረግ ተጠምጥሞ፣ በሐረጉ ላይ ደግሞ ሣር በቅሎበታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስደስተኝ ይሆናል። ያን ቀን ግን ፀሐይ በየት በኩል ትገባ ይሆን ብቻ ነበር የማስበው። ወረቀቷ ፀሐይ እንድትሞቅ ትላለች።

አቶ አድማሱ ጋቢውን እንደ ካባ ተከናንቦ በዝናብ ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አማርኛው ሲቸኩል እኔን አንተ ይለኛል፤ እኔ ግን በዚህ ሁሉ ዓመት ከአገሩ ቋንቋ ከካፊኖኖ አንድ ቃል ስላልያዝኩ የምስቅበት አፍ የለኝም። ስለ ወተቱ ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ሦስት የምትታለብ ላም ላለው ሰው ከአዲስ አበባ የዱቄት ወተት ማምጣቴ ገርሞታል።

ቤት ስገባ እታበባ የለችም። አልጋዋ ተነጥፏል። ከመስኮቱ ሥር ጀሪካኑ ውሃ እንደያዘ ተቀምጧል፤ ማንም አልነካውም።

«ዋጫ አካባቢ ገጠር ወስደናታል» አለ አቶ አድማሱ። «ወጌሻ ጋ። ጥሩ ሰው ነው፣ አባቱም ወጌሻ ነበር። አጥንቱ ቦታውን ስቷል አሉ ሰዎቹ። ሐኪም ቤት ለአጥንት ምን ያደርጋል ብለን ነው።»

ጉያዬ ያለችው ወረቀት የከበደችኝ ያኔ ነው። ሦስት ቀን ሆኗታል አለኝ። ወጌሻው ስንቴ እንደነካት አያውቅም። እዚያው ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ ሰውየው ፊቴ ቆሟል፣ ከእሱና ከእኔ በቀር ማንም የለም። እኔ ግን «ሐኪም ቢያያት ይሻል ነበር» ብቻ አልኩት፤ እሱም ይህን ያህል መንገድ ስለመጣሁ አመሰገነኝ። ምስጋናው ራቴን አስቀረብኝ ማለት እፈልጋለሁ፣ ግን በላሁ። ልጆቹን ቤቷ ያስጠጋቻቸው ጎረቤታቸው፣ ኮረሪማ የምትነግደው እትዬ አልማዝ፣ ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር ይዛ መጥታ እስክጨርስ ከአጠገቤ አልተነሳችም። ስትወጣ ጫማዬን አየችና ራሷን ነቀነቀች፣ ተመልሳም የፕላስቲክ ቦቲዋን አመጣችልኝ። በሁለት ቁጥር ይበልጠኛል።

ቅዳሜ

ቆጮና እህል በሚያመላልስ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተሳፈርን። ሺሺንዳ ስንደርስ ገበያ ነበርና ሾፌሩ ሰውና ጭነት እስኪቀይር ቆመናል። ሴቶቹ በጀርባቸው ያዘሉትን ሸክም አየሁ፤ ቆጮ፣ ሙዝ፣ እንጨት። ጎንበስ ብለው በጭቃው ውስጥ ሲሄዱ አንዳቸውም አልተንሸራተቱም። እታበባም ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ተሸክማ ትመለሳለች አለኝ አቶ አድማሱ። ኩራት ነበር በድምፁ። የቢሮ ሰው ሆና እንደ አገሩ ሴት ትሠራለች ማለቱ ነው።

ከዋጫ በኋላ በእግር ነው። ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው የግራ ቦቲዬን ውጦ አስቀረውና እኔ በካልሲ ሦስት እርምጃ ሄድኩ። አቶ አድማሱ ተመልሶ ክንዱን እስከ ክርኑ ከትቶ አወጣልኝ። እኔ በዚያን ሰዓት የማብሰለስለው ለወጌሻው የምናገረውን ነበር። መንገዱን ሁሉ ስናደድበት ነው የመጣሁት። ያልተማረ፣ የሰው አጥንት እንደ እንጨት የሚጎትት፣ ሌላም ሌላም። ደግፎ የያዘኝ ንዴቴ ነበር፤ እሱ ባይኖር ኖሮ ከዚያ ጭቃ አልወጣም ነበር።

ቤቱ በእንሰት የተከበበ ጎጆ ነው። ወጌሻው አቶ ወልዴ ስድሳውን ያለፈ፣ ሰፊ መዳፍ ያለው ሰው ሲሆን በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። እታበባ የተኛችው በእሱና በሚስቱ አልጋ ላይ ነው፤ ባልና ሚስቱ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፈው ያድራሉ። እህቴን ሳያት አጠር ያለች መሰለኝ። ሳመችኝ፣ «ይህን ሁሉ መንገድ ብቻሽን?» አለችኝ፣ እጇ ከበፊቱ ቀሏል። በመጀመሪያው ቀን ወጌሻው በቅቤ አሽቷት እግሯን ሲስበው ቀጭ የሚል ድምፅ መስማቷን ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ እጁን አላሳረፈባትም። ዳሌዋን በቀርከሃ አስደግፎ አስተኝቷት፣ ሚስቱ ጠዋት ማታ ወተት ታጠጣታለች።

እኔ አላስጨረስኳትም። ወደ ሰውየው ዞሬ ጮህኩበት። ያለ ራጅ፣ ያለ ምርመራ፣ የታመመች ሴት እግር እንዴት ትስባለህ አልኩት፤ አንተ አልኩት፣ አባቴ የሚሆነውን ሰው። አቶ አድማሱ አንገቱን ደፋ። አቶ ወልዴ እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«እኔ ሰው ሳልጠይቅ አልነካም» አለ፣ ቃል በቃል እየፈለገ። «አባቴ ነው ያስተማረኝ። ሰው ፊት፣ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። ወድቀሻል ወይ? ሌላ በሽታ አለሽ ወይ? ሐኪም ሆድሽን አክሞ ነበር ወይ? አለ ካሉኝ እጄን አላሳርፍም፣ ወደ ሐኪም ነው የምመልሰው። እሷንም ጠይቄያለሁ። ሚስቴ ሰምታለች፣ ባሏም ሰምቷል።»

እታበባን አየኋት። እሷም እኔን ታያለች።

«ሦስቴ ጠየቀኝ» አለች። «ሦስቴም ትንሽ ቁስል ነበረች፣ ድናለች አልኩት። አንቺ እንዳልሽኝ።»

ወረቀቷን ከጉያዬ አወጣሁ፤ የናፍታሊኑ ሽታ ቤቱን ሞላው። ላስቲኩ አልፈታ አለኝ፤ አቶ ወልዴ ራሱ በእነዚያ መዳፎቹ ፈታልኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስሙንም ጭምር። ስሙን ስጠራ እታበባ አልጮኸችም፣ አልወደቀችም፣ ሁለት ዓመት የፈራሁት አንዱም አልሆነም። ዓይኗን ብቻ ጨፈነች። «ጠርጥሬ ነበር። አንቺ ስላልሽ ነው የተውኩት» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ ያን ቀን ሌላ ቃል አልሰጠችኝም።

አቶ ወልዴን ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱ ግን ያሰበው ሌላ ነው፤ ያ ድምፅ ከጆሮው እንዳልጠፋ፣ ካሁን በኋላ ጥያቄውን አራት እንደሚያደርገው ነገረኝ። ሚስቱ እግሬን አጠበችኝ። እምቢ ብልም አልሰማችኝም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ስምንት ወንዶች ቃሬዛ ይዘው መጡ። በእኛ አገርም ሕመምተኛ በቃሬዛ ይወጣል፤ እኛ ጋ ግን መሬቱ ደረቅ ሜዳ ነው፣ ተሸካሚው የሚያስበው ስለ ትንፋሹ እንጂ ስለ እግሩ አይደለም። እዚህ በየእርምጃው አንዱ ቀድሞ ጭቃውን በዱላ እየለካ ነው የሚሄዱት። አቶ ወልዴ እንዳይነቀንቋት እያለ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ከጎኗ አልተለየም። የሱፍ ብርድ ልብሱን ሥሯ አነጠፍንላት። ቢያንስ እሱ ለአንድ ነገር ዋለ።

እሷ ከተሸካሚዎቹ ጋር በካፊኖኖ ታወራ ነበር፤ አንዴ እንዲያውም አሳቀቻቸው። የሚሉት አልገባኝም። የተወለድነው አንድ ቤት፣ ያደግነው አንድ አልጋ ላይ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ግን እንግዳዋ እኔ ነበርኩ። ከእጄ ውሃ አልተቀበለችም። አጠገቧ የነበረው ሰው ሲሰጣት ጠጣች።

ዋጫ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ፒክአፕ ለምነን አሳፈረን። ሾፌሩ የእታበባን ስም ሲሰማ «የእኔን የዝውውር ደብዳቤ የጻፈችልኝ እሷ ናት» ብሎ እስከ ቦንጋ ድረስ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዳ። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ አምስት ሰዓት ፈጀ።

ሰኞ

ራጁን ያነበበው ከጎጃም የተመደበ ወጣት ሐኪም ነው። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፎ የዳሌዋን አጥንት አሳየን። ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፤ አንደኛው አዲስ ነው፣ ሁለተኛው ግን ወራት የቆየ። ስለዚህ ያን ሁሉ ቅዳሜ ከሺሺንዳ ገበያ ስትመለስ በተሰነጠቀ አጥንት ነበር የምትሸከመው። ይህ ጨረሩ ያደከመው አጥንት ብቻ ይሁን ወይስ በሽታው ተመልሶ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ይሁን እዚህ መለየት አይቻልም፣ ጅማ ሄዳ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋታል አለ። ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ሐኪም ሁሉ ለምን ወደ እኔ እንደሚዞር አላውቅም።

«ለእሷ ንገራት» አልኩት።

ደነገጠና ዞረ፤ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። እሷም ሰምታ ስትጨርስ አመሰገነችው።

ከሰዓት በኋላ ቤት ተኝታ እያለች «አምጪያት» አለችኝ። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ወረቀቷን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ እንደ ልማዷ ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ ደግማ አነበበች። አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አሳርፋ «እዚህ ጋ አንድ ፊደል ተገድፏል» አለች። ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር ላይ እየቆመች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር ሆና ትቆጥር ጀመር። ከባድ ነገር አታንሺ፤ ጀሪካኑን፣ የማኅበሩን ድግስ ድስት፣ እንጨቱን። ፀሐይ ሙቂ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቢሮ ውስጥ። ወጌሻ አይንካሽ። እዚህ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች። ውጭ ዝናቡ የሙዙን ቅጠል ይመታል፣ ከሦስት ቀን በፊት የታጠበ ልብሷ ገመዱ ላይ እንደረጠበ ነው።

«ፈርቼ ነው» አልኳት። «እንዳትሞቺብኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔን ግን አልጠየቅሽኝም። እኔ እኮ እንደዚያች ጎረቤታችን አይደለሁም። ሁለት ልጅ አለኝ። ይህን ባነብ ኖሮ አንድም መስመር አላሳልፍም ነበር።»

እውነቷን ነው። የእታበባን ልክ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ትእዛዝ ተጽፎ ከመጣ ነጥቧን ሳትጥል የምትፈጽም ሰው ናት። ማታውን እትዬ አልማዝና የቢሮዋ ሰዎች ሊጠይቋት መጡ። ሁሉም ይህን ያህል መንገድ ለእህቷ የመጣች እያሉ ይመርቁኛል። ምርቃቱን አሜን እያልኩ ተቀበልኩ፤ እታበባ ከአልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች፣ አላጋለጠችኝም። ያ ዝምታዋ ከቅዳሜው የባሰ ነበር።

ማክሰኞ

ሦስታችንም ጅማ ወረድን። አቶ አድማሱ ለመንገዱ አንድ ማሰሮ ማር ለእኔ አስሮልኛል። ይህን ከጣሳ ወተቴ ጋር ሳስተያየው ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። በጎጀብ ድልድይ ላይ እታበባ መኪናው ትንሽ እንዲቆም ጠየቀች። ፀሐይ ወጥታ ነበር። መስኮቱን ከፍታ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ገልጣ ለፀሐዩ ሰጠችው፤ ሁላችንም ጠበቅናት።

ሆስፒታሉ ምርመራውን ጨርሶ ውጤቱን ለመስማት የተጠራነው ወደ አመሻሽ ነው። በሩን የከፈቱት ሸበቶ ሐኪም የተቀመጠችበትን ባለ ጎማ ወንበር አልፈው እኔን አዩና «አስታማሚዋ ትግባ» አሉ።

«ራሴው እገባለሁ» አለች እታበባ። «የምሰማው እኔ ነኝ።»

ወንበሯን ራሷ እየገፋች ገባች። ያቺ ወረቀት ጭኗ ላይ ነበረች። በሩ ተዘጋ። እኔና አቶ አድማሱ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ከሁለት ዓመት በፊት እሷ እንዲህ ከበር ውጭ ተቀምጣ፣ እኔ ከሐኪሙ ጋር ጨርሼ እስክመጣ ፊቴን ለማንበብ ስትጠብቅ እንደነበረ ያን ጊዜ ብቻ ትዝ አለኝ። አግዳሚው እንዲህ እንደሚቆረቁር አላውቅም ነበር። ከውስጥ የሐኪሙ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አንዴ እሷ ጠየቀች። እሳቸው ረጅም መለሱ።

ስትወጣ ወረቀቷ ላይ ሌላ ወረቀት ተደርቧል፤ ሁለቱንም አራት አድርጋ አጥፋ በእጇ ይዛለች። አቶ አድማሱ ተነስቶ ቆመ፣ አልጠየቃትም። እኔ ጠየቅኋት።

ነጠላዬ ከትከሻዬ ወርዶ ነበር። እጇን ዘርግታ መለሰችልኝ፣ እንደ ልጅነታችን ጫፉን አስተካከለችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት እኔ የነበረኝ ፊት ነበር ብዬ እገምታለሁ።

«ትንሽ ስንጥቅ ናት፣ ትድናለች» አለችኝ። «አንቺ ምንም አታስቢ።»

በማግስቱ እነሱ ወደ ቦንጋ፣ እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ተለያየን። አሁን በየሳምንቱ እደውልላታለሁ። በከዘራ እስከ አጥሩ በር ትሄዳለች፣ ፀሐይ ሲወጣ ደጅ ትቀመጣለች፣ ጀሪካኑን አቶ አድማሱ ነው የሚያነሳው። ሐኪሙ ምን አሉሽ እላታለሁ፤ ያንኑ ቃል ትደግምልኛለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል። እሷ ያኔ እንዳመነችኝ ላምናት በየጊዜው እሞክራለሁ፤ እስካሁን አልሆነልኝም።